ጄን ጎርደን ባሏን የተነጠቀች ምስኪን ናት ወይስ...? (ረዘም ያለ ምላሽ)

ጥያቄሽ ባጭሩ ሲጨመቅ ይሄ ነው፦ የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ በ1567 ባላባቱን ቦዝዌልን ስታገባ የቦዝዌል ሕጋዊ ሚስት የነበረችው ጄን ጎርደን ተገዳ ነው የፈታችው ወይስ ተስማምታ፣ ከዛ በኋላስ የት ገባች፣ ሳዘርላንድ ካሉት ጎርደኖች ጋርስ ምን ያዛምዳታል። ሦስቱም እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ አንድ ላይ ልመልስልሽ። እኔ ስራዬ የዛን ዘመን የስኮትላንድ ባላባቶች የዘር ሐረግና የጋብቻ ውል ማንበብ ነው፣ እና ስለ ጄን የሚጻፈው ነገር አብዛኛው የሚያናድደኝ ሜሪ ታሪክ ውስጥ ሁለት ገጽ ላይ ብቅ ብላ የምትጠፋ ሴት ስለሚያስመስላት ነው። ሴትዮዋ 83 ዓመት ገደማ ኖራለች እኮ! ከቦዝዌል ጋር የኖረችው አንድ ዓመት ከምናምን ብቻ ነው።

የኔ መልስ፦ ተጎድታለች፣ ግን ምስኪን አልነበረችም። ምን እንደፈረመች፣ ምን እንደያዘችና ምን እንደደበቀች በደንብ የምታውቅ ሰው ነበረች። እንዴት እንደሆነ ለማየት ግን መጀመሪያ ቤተሰቧን ማወቅ ግድ ነው።

ጄን በ1546 ገደማ ነው የተወለደችው። አባቷ ጆርጅ ጎርደን 4ኛው የሃንትሊ ኧርል ነው (ኧርል የከፍተኛ ባላባት ማዕረግ ነው)፣ በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ ከንጉሥ ቀጥሎ ማለት ይቻላል፣ እንዲያውም «የሰሜኑ ዶሮ» እያሉ ነበር የሚጠሩት። እናቷ ኤልሳቤጥ ኪዝ ደሞ የኧርል ማሪሻል እህት። የአባቷ እናት ማርጋሬት ስቱዋርት ከጋብቻ ውጭ የተወለደች የንጉሥ ጀምስ 4ኛ ልጅ ነች፣ ንግሥት ሜሪ ደግሞ የዚሁ ንጉሥ የልጅ ልጅ ናት፣ ስለዚህ የጄን አባትና ንግሥቲቱ የአንድ አያት ልጆች ናቸው ማለት ነው፣ በሴት አያት ይለያያሉ እንጂ። ባሏን «የነጠቀቻት» ሴት ባዕድ ሳትሆን የሥጋ ዘመዷ ነበረች።

ቤተሰቡ በ1562 ነው የፈረሰው። ሜሪ ከፈረንሳይ ተመልሳ ወደ ሰሜን ስትወጣ ሃንትሊ ተጋጫት፣ ጠቡ ውስጥ የንግሥቲቱ ያባት ልጅ ወንድም ጀምስ ስቱዋርት አለበት፣ ሃንትሊ ሲያስተዳድረው የነበረው የሞሬይ ግዛት ለሱ ተሰጥቶ ስለነበረ። ጥቅምት 28 ኮሪቺ በሚባል ቦታ ተዋጉ፣ ሃንትሊ ተሸነፈ፣ ከተያዘ በኋላ ሳይቆስል ፈረሱ ላይ እንዳለ ወድቆ ሞተ። ልጁ ሰር ጆን ከቀናት በኋላ አበርዲን ከተማ ውስጥ ንግሥቲቱ እያየች አንገቱ ተቀላ። አባትየው ግን ሞቶም አላረፈም፣ በሀገር ክህደት ለመፍረድ ተከሳሹ መቅረብ አለበት ስለሚባል አስከሬኑ እንዳይበሰብስ ተደርጎ ኤድንብራ ተወሰደና በግንቦት 1563 ፓርላማ ፊት ቀርቦ ተፈረደበት። አስቢው፣ ጄን ያኔ 17 ዓመቷ አካባቢ ነች። ወንድሟ ጆርጅም ሞት ተፈርዶበት ደንባር ቤተመንግሥት ታሰረ።

እዚህ ላይ አንድ ዝምድና ልብ በይልኝ። አባቷን ያጠፋው ያ ጀምስ ስቱዋርት፣ የሞሬይ ኧርል፣ በ1562 በየካቲት ያገባት ሴት አግነስ ኪዝ ትባላለች፣ የጄን እናት የወንድም ልጅ። ስለዚህ ጄን በእናቷ በኩል የአባቷ ጠላት ሚስት የአክስት ልጅ ነች። እነዚህን ቤተሰቦች «ሃንትሊ ወገን» «ሞሬይ ወገን» ብሎ በመስመር መክፈል የማያስኬደው ለዚህ ነው፣ ወንዶቹ ሲገዳደሉ ሴቶቹ በመሀል ዘመድ ናቸው፣ ምሕረትም መሬትም የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በነሱ በኩል ነው።

በ1565 ሞሬይ ራሱ በንግሥቲቱ ላይ ሲያምፅ ሜሪ ጎርደኖችን ፈለገቻቸው። ጆርጅ ከእስር ወጣ፣ የኧርልነት ማዕረጉ ተመለሰለት፣ የቤተሰቡ መሬት በሕግ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ግን ገና ነው። የጄን የመጀመሪያ ጋብቻ የሚገባው በዚህ ሂሳብ ውስጥ ነው። ጀምስ ሄፕበርን የቦዝዌል ኧርል ዕዳ ያነቀው ሰው ነው ግን ለንግሥቲቱ ታማኝ፣ ጎርደኖች ደሞ ቤተመንግሥት ውስጥ ወዳጅ ይፈልጋሉ። የሷ ቤተሰብ የከፈለው ገንዘብ በዕዳ የተያዘውን የክራይተን መሬቱን ያስለቅቃል፣ በለውጡ እሷ ከዛ መሬት ላይ ዕድሜ ልኳን የምትጠቀምበት መብት ይጻፍላታል። ይህቺን «ዕድሜ ልክ» የምትለዋን ነገር ያዢያት፣ ቆይተን እንመለስባታለን።

ሠርጉ የካቲት 24 ቀን 1566 ኤድንብራ ውስጥ ተደረገ። ሙሽራዋ ካቶሊክ፣ ሙሽራው ፕሮቴስታንት፣ ንግሥቲቱ በቅዳሴ ይሁን ብትልም ቦዝዌል እምቢ ብሎ በፕሮቴስታንት ሥርዓት ሆነ። ያጋባቸው የጋሎዌይ ጳጳስ አሌክሳንደር ጎርደን ነው፣ የጄን አጎት፣ ወደ ተሐድሶው የገባ። የሙሽራ ቀሚሱን የብር ጨርቅ የሰጠችው ራሷ ሜሪ ነች። ፊርማዋም በጋብቻ ውሉ ላይ አለ። በዛ ሰሞን የተሠሩ የሁለቱ ትንንሽ ክብ ሥዕሎች ዛሬም ኤድንብራ የብሔራዊ የሥዕል ጋለሪው ውስጥ አሉ፣ ከሳንቲም ብዙም የማይበልጡ፣ የቦዝዌል መልክ የምናውቀው በዛች ሥዕል ነው። ጄን ልቧ ሌላ ሰው ጋር ነበር ይባላል፣ አሌክሳንደር ኦግልቪ የሚባል የቦይን ባላባት፣ እሱ ግን በዛው በ1566 ከንግሥቲቱ አራቱ ሜሪዎች (ሜሪ የሚባሉ አራት ደንገጡሮቿ) አንዷን ሜሪ ቢተንን አገባ። ስሙን አትርሺው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጄንና ቦዝዌል ዘመድ ናቸው። የቦዝዌል ቅድመ አያት ሚስት ማርጋሬት ጎርደን የ2ኛው የሃንትሊ ኧርል ልጅ ነበረች፣ ጄንም ከዛው ሰውዬ ነው የምትወርደው፣ ሁለቱም ከሱ አራተኛ ትውልድ ላይ ይገኛሉ። እኛ ሀገር ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ያኔ አራት ነበር የምትቆጥረው፣ አራተኛው ራሱ ክልክል ውስጥ ነው። ማግባት ከፈለግሽ ከቤተክርስቲያን ልዩ ፈቃድ ማውጣት ነበረብሽ። ወጣላቸውም፦ የቅዱስ እንድርያስ ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን፣ የሮማው ጳጳስ እንደራሴ ሆኖ ሥልጣን ስለነበረው፣ ከሠርጉ ሳምንት ቀደም ብሎ የካቲት 17 ቀን 1566 ፈረመ።

ከአንድ ዓመት በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ፣ ቶሎ ልለፈው። የካቲት 10 ቀን 1567 የሜሪ ባል ዳርንሊ ተገደለ፣ ጣት የተቀሰረው ቦዝዌል ላይ ነው፣ ሚያዝያ 24 ቦዝዌል ንግሥቲቱን መንገድ ላይ ይዞ ደንባር ወሰዳት፣ ጠለፋት ይሁን ተስማምታ ይሁን እስካሁን ያጨቃጭቃል። እንዲያገባት ግን ጄን መፈታት አለባት።

ፍቺው ሁለት ጊዜ ነው የተደረገው፣ በሁለት ፍርድ ቤት። አንደኛው የፕሮቴስታንቶቹ ኮሚሳሪ ፍርድ ቤት ነው፣ እዛ ከሳሿ ጄን ናት፣ ክሷም ባሌ አመነዘረ ነው። ከማን ጋር? ከቤሲ ክሮፎርድ ጋር፣ የሃዲንግተን ብረት ቀጥቃጭ ልጅ፣ ጄን ቤት ልብስ የምትሰፋ ሠራተኛ የነበረች። ምስክሮች ቀረቡ፣ ነገሩ ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እንደተፈጸመ መሰከሩ፣ ግንቦት 3 ቀን ፍቺ ተፈረደላት። ሁለተኛው ደሞ ያው ሊቀ ጳጳስ ሃሚልተን በሚመራው የካቶሊክ ፍርድ ቤት፣ እዚህ ከሳሹ ቦዝዌል ነው፣ ምክንያቱ ደሞ «ዘመዳሞች ነን፣ ፈቃድ ሳናወጣ ነው የተጋባነው» የሚል፣ ግንቦት 7 ጋብቻው ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ተደርጎ ተሰረዘ። ግንቦት 15 ሜሪና ቦዝዌል ተጋቡ። ሊቀ ጳጳሱ ራሱ በፈረመው ፈቃድ ላይ «ፈቃድ የለም» ብሎ እንዲፈረድ አደረገ ማለት ነው፣ የረሳ አይመስለኝም መቼም፣ ገና 15 ወሩ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚያልፈው ነገር ግን አለ። ሁለቱ ፍርዶች እርስ በርሳቸው ይጣረሳሉ። የካቶሊኩ ጋብቻ አልነበረም ካለ ከጋብቻው የመጣ መብትም የለም። የፕሮቴስታንቱ ግን ጋብቻ ነበረ፣ ያፈረሰው እሱ ነው ይላል፣ በስኮትላንድ ሕግ ደሞ በምንዝር ጥፋተኛ የሆነ ባል እንደሞተ ነው የሚቆጠረው፣ ንፁኋ ሚስት በውሏ የተጻፈላትን እንደ ባል የሞተባት ትወስዳለች። ጄን የከሰሰችው በየትኛው ነው? በፕሮቴስታንቱ። መጀመሪያ ያገኘችውም እሱን ነው። ቦዝዌል በዛው ዓመት ሀገር ጥሎ ሲጠፋ፣ ንብረቱም ሲወረስ፣ እሷ ከመሬቱ የተጻፈላትን የዕድሜ ልክ ገቢ ይዛ ቀጠለች። ካቶሊክ ሆና የፕሮቴስታንት ችሎት መምረጧን ሰው እንደ ውርደት ያየዋል፣ ለኔ ግን በጣም ጥሩ የሕግ ምክር ያላት ሴት ሥራ ነው የሚመስለው።

ወንድሟም በነገሩ ውስጥ ንፁህ አይደለም። ሚያዝያ 1567 የተቀመጠው ፓርላማ ነው የሃንትሊን መሬት በሙሉ ያጸደቀለት፣ የእህቱ ፍቺ ደግሞ ሳምንታት ቆይቶ መጣ። ሁለቱ ተነጋግረው የተደረጉ አይደሉም የሚል ታሪክ ጸሐፊ ብዙ አላየሁም። ስለዚህ «ተገዳ ወይስ ተስማምታ» ለሚለው፦ እምቢ የማለት ሰፊ ዕድል አልነበራትም፣ ቤተሰቧም ባሏም ንግሥቲቱም አንድ ወገን ቆመዋል፣ እሷ ያደረገችው ግን በዛች ጠባብ ቦታ ውስጥ የራሷን ድርሻ ማስያዝ ነው።

ፈቃዱስ የት ገባ? ይሄ ነው የሚገርመው። ችሎቱ ላይ አልቀረበም፣ ከዛም ወዲህ ክፍለ ዘመናት ሙሉ ሰው የሜሪን ጋብቻ ሕጋዊነት ሲከራከርበት ኖረ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዋናው ወረቀት የሳዘርላንድ ኧርሎች ቤት በሆነው ደንሮቢን ቤተመንግሥት ማህደር ውስጥ ተገኘ። እዛ ሊገባ የሚችለው በጄን በኩል ብቻ ነው። አላቃጠለችውም። ያኔ አውጥታ ብታሳየው በካቶሊኮች ዓይን የሜሪ ጋብቻ ይናድ ነበር፣ አላወጣችውም፣ ግን ጥላውም አልሄደች። ከጥይት የማይተናነስ ወረቀት 62 ዓመት አስቀምጣ ነው የሞተችው። ስለ ሐዘኗና ስለ ቅናቷ ከሚጻፈው ልብ ወለድ ሁሉ ይልቅ ለኔ ባሕርይዋን የሚናገረው ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ የፈረንሳዩ አምባሳደር ዱ ክሮክ በሰኔ 1567 የጻፈው ደብዳቤ ላይ ቦዝዌል ለጄን «እውነተኛ ሚስቴ አንቺ ነሽ፣ ንግሥቲቱ ቁባቴ ናት» ብሎ ጽፎላታል የሚል ወሬ አለ፣ ነገሩን ለአምባሳደሩ የነገረው ግን የቦዝዌል ጠላት የሆነው ሜይትላንድ ነው፣ በጥንቃቄ ያዢው።

ከፍቺው በኋላ ጄን ወደ ሰሜን፣ ወደ ስትራዝቦጊ የቤተሰቧ ቤት ተመለሰች። እዚህ ላይ ነው የሳዘርላንድ ታሪክ የሚገባው። የሳዘርላንድ ኧርልነት ቀድሞ የሌላ ዘር ነበር፣ ኤልሳቤጥ ሳዘርላንድ የምትባል ወራሽ አዳም ጎርደንን አገባችና በዛው ወደ ጎርደኖች ዞረ። አዳም ማነው? የዛው የ2ኛው የሃንትሊ ኧርል ልጅ። የሱ የልጅ ልጅ ጆን 11ኛው ኧርል በ1563 ከጄን አባት ጋር በአንድ ፓርላማ ተፈርዶበት ተሰደደ፣ ቆይቶ ተመለሰ፣ ከዛ በ1567 ክረምት፣ ጄን በተፈታች በወራት ውስጥ፣ ሄልምስዴል ላይ ራት ሲበላ ከሚስቱ ጋር ተመረዘ። መርዙን አዘጋጀች የተባለችው ኢሶቤል ሲንክሌር የኬይዝነስ ኧርል ዘመድ ናት፣ የገዛ ልጇ ባለማወቅ ጠጥቶት ሞተ ይባላል። 15 ዓመቱ የነበረው ወራሽ አሌክሳንደር አደን ሄዶ ዘግይቶ ስለመጣ ተረፈ። ይሄን ሁሉ ዝርዝር የምናገኘው ግን ከጄን ልጅ ከሰር ሮበርት ጎርደን ጽሑፍ ነው፣ እሱ ደሞ ኬይዝነሶችን በዓይኑ ማየት አይፈልግም፣ ይሄንን ሳትረሺ አንብቢው።

አሌክሳንደር በኬይዝነስ ኧርል እጅ ወደቀ፣ ኧርሉም በዕጥፍ የምትበልጠውን ልጁን ባርባራን አጋባው፣ እሷ 32 ዓመቷ ነበር። በ1569 ወዳጆቹ አሾልከው አወጡትና ወደ ሃንትሊዎች ወሰዱት፣ ስትራዝቦጊ። እዛ ማን አለች? ጄን። በ1573 ዕድሜው ሲደርስ ባርባራን ፈታ፣ በታኅሣሥም ጄንን አገባ። እሱ 21፣ እሷ 27 ገደማ፣ ሁለቱም የተፈቱ፣ ሁለቱም የሌላ ሰው ሂሳብ ማወራረጃ ሆነው የነበሩ።

ቁጠሪ እንግዲህ፦ አሌክሳንደር ከ2ኛው ሃንትሊ አራተኛ ትውልድ ነው። ጄንም አራተኛ። ልክ እንደ ቦዝዌል! ያኛውን ጋብቻ «ከመጀመሪያውም አልነበረም» ያሰኘው ዝምድና እዚህም ቁጭ ብሏል። በመሀል ግን ሕጉ ተቀይሯል፣ በታኅሣሥ 1567 የተቀመጠው ፓርላማ የአጎት ልጆችና ከዛ የራቁ ዘመዶች እንዲጋቡ ፈቅዷል፣ ስለዚህ በሀገሪቱ ሕግ ማንም አፉን አይከፍትም። ሌላም አለ፣ የአሌክሳንደር እናት ሄለኖር ስቱዋርት የሌኖክስ ኧርል እህት ናት፣ ማለትም አሌክሳንደር ለተገደለው ለዳርንሊ የአክስት ልጅ ነው። የጄን አንደኛ ባል በግድያው የተጠረጠረው፣ ሁለተኛ ባሏ የሟች የቅርብ ዘመድ። ቦዝዌል ያኔ በሕይወት አለ ደሞ፣ ዴንማርክ ታስሮ ነው ያለው፣ የሞተው በ1578 ነው።

የጄን ትክክለኛ ሕይወት ከዚህ ነው የሚጀምረው፣ ግን ፊልም የሚሠራው ሰው አይደርስበትም። ባሏ ጤና የራቀው ሰው ነበር፣ ግዛቱን አብዛኛውን ጊዜ የምታስተዳድረው እሷ ነች፣ በ1594 ሲሞትም ቀጠለች። ብሮራ ላይ ያለውን የድንጋይ ከሰል ያስቆፈረችው በ1598 ነው፣ በከሰሉ እሳት የባሕር ውሃ እየተፈላ ጨው እንዲመረትም አደረገች። ከሰሉን መጀመሪያ ያገኘው ያ የተመረዘው አማቷ ነው ይላል ሰር ሮበርት፣ ሞት ቀደመው እንጂ። በሃይማኖቷ ካቶሊክ ሆና ቀረች፣ የቤተክርስቲያን ሰዎች ቄሶች ታስጠልያለሽ እያሉ እርጅናዋ ድረስ ነዝንዘዋታል።

ልጆቿ ላይ ብዙ አልቆይም ግን ሁለት ሦስቱን ላንሳ። ጆን 13ኛው ኧርል ሆነ፣ በ1615 ሞተ፣ ልጁ ሕፃን ስለነበር ግዛቱን በሞግዚትነት የያዘው ወንድሙ ሰር ሮበርት ነው፣ በ1625 የኖቫ ስኮሺያ የመጀመሪያው ባሮኔት (የሚወረስ የክብር ማዕረግ ነው) የተባለው፣ የእናቱን ማስተዋልና የማስታወስ ችሎታ በጽሑፉ ያደነቀው። የሮበርት ሚስት ሉዊዛ ጎርደን የጆን ጎርደን ልጅ ናት፣ የሶልዝበሪ ካቴድራል አለቃ የነበረው፣ እሱ ደሞ የማን ልጅ ነው ካልሽ የዛ የጋሎዌይ ጳጳስ፣ ጄንን ከቦዝዌል ጋር ያጋባው አጎቷ። ትልቋ ሴት ልጇ ጄን ደሞ የፋሩን ሂዩ ማካይን አገባች፣ ልጃቸው ዶናልድ ማካይ በ1626 ከሰሜን ወታደር መልምሎ በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ለዴንማርክ ንጉሥ የተዋጋው የሬይ ጌታ ነው። የባርባራ ፍቺ ምክንያት ተብሎ የቀረበው የወንድ ስም የሂዩ አባት መሆኑን ብነግርሽ አትገረሚም መሰለኝ እስካሁን።

ኦግልቪን አልረሳሁትም። ሜሪ ቢተን ካረፈች በኋላ ጄን በታኅሣሥ 1599 አገባችው፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗት። የፍቅር ታሪክ ነው ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ ምናልባትም ነው፣ እኔ ግን በዛ ዕድሜዋ የራሷ ገቢ ያላት የኧርል መበለት ማንም አስገድዷት እንዳላገባች በእርግጠኝነት እነግርሻለሁ። እሱንም ቀብራ ግንቦት 14 ቀን 1629 ደንሮቢን ውስጥ ሞተች፣ ዶርኖክ ካቴድራል ተቀበረች። ሜሪ አንገቷ ከተቀላ 42 ዓመት ሆኖ ነበር።

ከቦዝዌል ልጅ ነበራት ወይ ካልሽ የለም፣ አልወለደችም። ኋላ ላይ የሳዘርላንድ ዱኮች የሆኑት የሚወርዱት ከአሌክሳንደር ጋር ከወለደችው ከጆን ነው። ማህደር ውስጥ ስትፈልጊያት ደሞ በባሎቿ ስም ብቻ አትሂጂ፣ የዛን ዘመን የስኮትላንድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትቀይርም፣ ሦስቱም ጋብቻ ውስጥ ጎርደን ነች። የሳዘርላንድ ኧርሎችን ቁጥር አንዳንዱ መጽሐፍ በአንድ ዝቅ አድርጎ ስለሚቆጥር 11ኛው የሚል ካገኘሽ አሌክሳንደር (እኔ በቆጠርኩት 12ኛው) መሆኑን በዓመቱ አመሳክሪ፣ ትልቋ ልጇም ጄን ጎርደን ስለሆነች 1589 ላይ «ጄን ጎርደን ማካይን አገባች» የሚል ሲገጥምሽ ልጅቷ ናት።